ዱክ ኑከም 14 ዓመት ምን ሲሰራ ቆየ?

ጂቲኤ 6 የተባለው የቪዲዮ ጌም በተራዘመ ቁጥር የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። ጌሙ መጀመሪያ በ2025 ይወጣል ተብሎ ነበር፣ ከዛ ወደ ሜይ 26 ቀን 2026 ተገፋ፣ ቀጥሎ ደግሞ ወደ ኖቬምበር 19 ቀን 2026 (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ይሄኔ ግማሹ ሰው «ተዋቸው ተረጋግተው ይስሩት፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል፣ ሌላው «ዱክ ኑከምም እንደዚሁ ሲባልለት ነበር» ብሎ ይመልሳል፣ ክርክሩም እዛው ላይ ይቆማል ምክንያቱም የዱክ ኑከም ፎርኤቨርን ስም የሚጠራው ብዙ ቢሆንም ምን እንደደረሰበት የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስሙ «በጣም ዘግይቶ ተበላሽቶ የወጣ ጌም» ማለት ሆኖ ቀርቷል በቃ።

ታሪኩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ከሁለቱም ወገን ጋር አይገጥምም። መዘግየቱ ብቻውን አይደለም ጌሙን ያበላሸው፣ ከ1997 እስከ 2011 14 ዓመት ሙሉ ተሰርቷል ማለትም ትክክል አይደለም።

መጀመሪያ ሰውየው ማነው

ዱክ ኑከም የ80ዎቹ የአሜሪካ አክሽን ፊልም ጀግኖች ላይ ለመቀለድ የተፈጠረ ገፀ ባህሪ ነው። አናቱ ላይ ጠፍጣፋ ተደርጎ የተቆረጠ ቢጫ ፀጉር፣ ቀይ ካናቴራ፣ ጥቁር መነፅር፣ ሲጋር፣ የማያርፍ አፍ። ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን ማለትም ኤሊየኖች ምድርን ይወራሉ፣ ሴቶችን ይጠልፋሉ፣ እሱ ደግሞ እየፎከረ ይጨርሳቸዋል። ታሪኩ ይሄው ነው፣ ከዚህ በላይ ጥልቀት ፈልጎ የገዛውም የለም።

ስሙን ያገነነው በ1996 የወጣው ዱክ ኑከም ስሪዲ ነው፣ የሰራው ቴክሳስ ጋርላንድ ከተማ የነበረው ስሪዲ ሪልምስ የተባለ ስቱዲዮ። ዓይነቱ ፈርስት ፐርሰን ሹተር የሚባለው ነው፣ ማለትም በገፀ ባህሪው ዓይን እያየህ የምትተኩስበት። በዛን ጊዜ የነበሩት የዚህ ዓይነት ጌሞች አብዛኞቹ ጨለማ ዋሻና የብረት ኮሪደር ነበሩ፣ ይሄኛው ግን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲኒማ ቤት ያስገባሃል። መብራቱን ታበራለህ ታጠፋለህ፣ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ትሰብርና ከሚፈሰው ውሃ ጠጥተህ ጤንነትህን ትሞላለህ። ዛሬ ምንም አይመስልም፣ ያኔ ግን ሰው ተኩሱን ትቶ ዕቃ እየነካካ ነበር የሚውለው። ጌሙ በሚሊዮን የሚቆጠር ኮፒ ሸጠ፣ ባለቤቶቹን ሀብታም አደረጋቸው፣ ይሄ ሀብት ደግሞ ኋላ ላይ ለመጣው ጣጣ ዋና ምክንያት ነው።

ተከታዩ ክፍል በኤፕሪል 1997 ይፋ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ይወጣል ነበር የተባለው።

መሰረቱን እየነቀሉ ቤት መስራት

እዚህ ጋ ኢንጂን የሚባለውን ነገር መረዳት የግድ ነው። ኢንጂን ጌሙ የሚቆምበት ሶፍትዌር ነው፣ ምስሉን የሚስለው፣ ብርሃንና ጥላውን የሚያሰላው፣ በርሜል ስትመታ በየት በኩል እንደሚንከባለል የሚወስነው እሱ ነው። በቤት ብናስበው መሰረቱና ኮለኑ ማለት ነው። ግድግዳ መቀባት፣ በር መቀየር ቀላል ነው፣ መሰረት ሲቀየር ግን ከላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል።

ስሪዲ ሪልምስ በ1997 ኩዌክ 2 የተባለውን የሌላ ስቱዲዮ ሹተር ጌም ኢንጂን ገዛ። በ1998 አትላንታ ላይ በተደረገው የኢ3 ትርኢት (ኢ3 የጌም ኩባንያዎች በየዓመቱ አዲስ ስራቸውን የሚያሳዩበት ትልቁ ኤግዚቢሽን ነበር) ትሬለር አሳየ፣ ሰው ወደደው። ብዙም ሳይቆይ ግን አንሪያል ወደሚባል ሌላ ኢንጂን እየተዛወርን ነው የሚል መግለጫ ወጣ። የዓመት ልፋት አብዛኛው እንደ አዲስ ሊሰራ ነው ማለት ነው ይሄ። ከዛ በኋላም አንሪያሉን ራሱን እየፈቱ እየገጠሙ፣ የምስል ክፍሉን እየቀየሩ፣ የፊዚክስ ክፍሉን እየቀየሩ ዓመታት ሄዱ፣ መጨረሻ ላይ የወጣው ጌም የቆመበት ነገር በየዘመኑ ቁራጭ የተጣጣፈ ነበር።

ለምን? የስቱዲዮው አንደኛው ባለቤትና የስራው መሪ ጆርጅ ብሩሳርድ ጌሙ ከሁሉም እንዲበልጥ ፈለገ፣ ጊዜው ደግሞ ግራፊክስ በየስድስት ወሩ የሚገለባበጥበት ጊዜ ነበር። በ1998 መጨረሻ ሃፍ ላይፍ ወጣና ሹተር ጌም ታሪክ መንገር እንደሚችል አሳየ፣ በ2001 ሄሎ መጣ፣ በ2004 ሃፍ ላይፍ 2። ጎረቤት ጂ+2 በሰራ ቁጥር የራሱን መሰረት ነቅሎ ጂ+3 የሚያስብ ሰው አለ አይደል፣ በክረምት ግን ቤተሰቡን ላስቲክ ስር የሚያሳድር፣ ያ ማለት ነው። ከቀድሞ ሰራተኞቹ አንዱ በኋላ እንደተናገረው ብሩሳርድ በረዷማ ቦታ ላይ የሚካሄድ የሌላ ሰው ጌም ካየ በኋላ «እኛም በረዶ ያለበት ደረጃ (የጌሙ አንድ ክፍል) ይኑረን» ማለት ጀምሮ ነበር። የዱክ ጌም የሚካሄደው ላስ ቬጋስ ነው፣ በረሃ ላይ።

«አይሆንም» የሚል ሰው

ብዙውን ጊዜ ስቱዲዮ በራሱ ገንዘብ አይሰራም። ፐብሊሸር የሚባል አሳታሚ ኩባንያ ገንዘቡን እየቆረጠ ይሰጣል፣ በየተወሰነ ጊዜ «የተስማማነውን አሳየኝ» ይላል፣ ካላሳየኸው ቀጣዩ ክፍያ ይቆማል። እነዚህ የማሳያ ጊዜዎች ማይልስቶን ይባላሉ። ሰራተኛ ይጠላቸዋል፣ ግን አንድ ነገር ያስገድዳሉ፣ ከሀሳቦችህ ውስጥ የትኛውን እንደምትጥል እንድትወስን።

ስሪዲ ሪልምስ ይሄ አልነበረበትም። በፊተኛው ጌም ካገኙት ብሩሳርድና አጋሩ ስኮት ሚለር ከራሳቸው ኪስ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተናል ብለዋል። የማሳተም መብቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ቴክ-ቱ (ዛሬ ጂቲኤን የሚያሳትመው ያው ኩባንያ) ጋር ቢደርስም ቴክ-ቱ ገፍቶ የሚያስጨርስበት ገመድ አልነበረውም። መቼ ይወጣል ተብለው ሲጠየቁ መልሱ «ሲያልቅ» ነበር። በ2003 የቴክ-ቱ አለቃ ጌሙ በዚህ ዓመት አይወጣም ብሎ ኩባንያው 5.5 ሚሊዮን ዶላር ከመዝገቡ ላይ እንደ ኪሳራ ሲሰርዝ ብሩሳርድ በአደባባይ አፋችሁን ዝጉ የሚል መልስ ሰጠ። በዛው ዓመት ጌሙ ላይ የሚሰሩት 18 ሰዎች ገደማ ነበሩ፣ ተወዳዳሪዎቻቸው ቡድናቸውን በብዙ እጥፍ እያሳደጉ በነበረበት ጊዜ። ዋየርድ የተባለው መጽሔት ደግሞ በየዓመቱ የሚያወጣው የቬፐርዌር ዝርዝር ነበረው (ቬፐርዌር ማለት ወሬው ያለ በእጅ ግን የማይጨበጥ፣ እንደ እንፋሎት የሆነ ሶፍትዌር ነው)፣ ዱክ ተደጋግሞ ስለያዘው በ2003 የዕድሜ ልክ ሽልማት ሰጥቶ ሊያሰናብተው ሞክሯል።

ስለዚ ጥፋቱ የራስ ገንዘብ ነው? ይሄ በብዛት የሚሰጥ ማብራሪያ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ሆሎው ናይት ሲልክሶንግን ተመልከቱ፣ አውስትራሊያ አደሌድ ያሉ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ከመጀመሪያው ጌማቸው ባገኙት ገንዘብ ማንም ሳይቆጣጠራቸው ሰሩት፣ በ2019 ይፋ ሆኖ በሴፕቴምበር 2025 ወጣ፣ ሰውም ወደደው። እነሱም ዘግይተዋል፣ እነሱንም የሚያስቸኩል አልነበረም። ልዩነቱ እነሱ ያንኑ ጌም እያሰፉ ነው የቆዩት፣ የጨመሩት ነገር ትናንት የሰሩትን አያፈርስም። ስሪዲ ሪልምስ ውስጥ ግን አዲሱ ሀሳብ የሚገባው አሮጌውን አስወጥቶ ነው። መጨመርና መቀየር ከውጭ ሲታዩ ያው መዘግየት ናቸው፣ ከውስጥ ግን አንዱ ስራ ሲያጠራቅም ሌላው ስራ ያቃጥላል።

የሚገርመው ስሪዲ ሪልምስ ራሱ ሌላ ምሳሌ አለው። ፕሬይ የሚባል ጌማቸው በ90ዎቹ ተጀምሮ ወድቆ ነበር፣ ሂውማን ሄድ ለተባለ ሌላ ስቱዲዮ ሲሰጥ ግን በ2006 ወጥቶ ጥሩ ግምገማ አገኘ። ስቱዲዮው የሌሎችን ስራ ማስጨረስ ይችል ነበር፣ ያቃተው የራሱን ነው።

መባረር፣ ክስ፣ የቤት ውስጥ ቡድን

በሜይ 2009 ገንዘቡ አለቀ፣ ከቴክ-ቱ ጋር የተደረገው ድርድርም ሳይሳካ ቀረና ቡድኑ ተበተነ። ቴክ-ቱ ከሰሰ፣ ጉዳዩ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት ተዘጋ። እዚህ መሀል ከተባረሩት ጥቂቶቹ ትሪፕቲክ የሚል ትንሽ ስቱዲዮ መስርተው ከየቤታቸው መስራት ቀጠሉ። ከዛ ጊርቦክስ ገባ፣ እሱም የቴክሳስ ስቱዲዮ ነው፣ መሪው ራንዲ ፒችፎርድ በወጣትነቱ ስሪዲ ሪልምስ ውስጥ ሰርቷል። በሴፕቴምበር 2010 ሲያትል ላይ ሰው ተሰልፎ የሚጫወተው ማሳያ ቀረበ፣ ለብዙ ጋዜጠኛ ለማመን የከበደ ነገር ነበር። ሜይ 2011 ይወጣል ተብሎ እንደገና አንድ ወር ተገፋ፣ ይቺን የመጨረሻ መራዘም ራሷን በቀልድ ቪዲዮ ነው ያሳወቁት። ጁን 10 ቀን 2011 ከአሜሪካ ውጭ፣ ጁን 14 አሜሪካ ውስጥ ተሸጠ።

ከዚህ የሚታየው ነገር፣ ጌሙ «14 ዓመት ተሰራ» ሲባል ብዙ ጊዜ ተጀምሮ ብዙ ጊዜ ፈርሶ በመጨረሻ የተረፈውን ቁራጭ ሌሎች ሰዎች በአጭር ጊዜ ሰፍተው አወጡት ማለት ነው። ጊርቦክስ ያዳነው ነገር እንጂ ያሰበው ጌም አይደለም። ይሄን ሳያውቁ የገዙት ሰዎች የ14 ዓመት ድግስ ጠብቀው የተገኘውን ሲያዩ መናደዳቸው አያስገርምም።

አንድ ጌም፣ 80 እና 3

ሜታክሪቲክ የሚባለው ድረ ገፅ የገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካይ ያወጣል፣ ከመቶ። ዱክ ኑከም ፎርኤቨር በኮምፒውተር 54፣ በፕሌይስቴሽን 3 ላይ 51፣ በኤክስቦክስ 360 ላይ 49 አገኘ። አማካዩ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ፒሲ ጌመር 80 ከመቶ ሲሰጥ ዩሮጌመር 3 ከአስር፣ ዴስትራክቶይድ 2 ከአስር ሰጥተዋል። ሀምሳ ምናምን ያገኘ ጌም ሁሉም «መካከለኛ ነው» ያለው ላይሆን ይችላል፣ እዚህ ጋ ሰዎቹ የለኩት የተለያየ ነገር ነው። የወደዱት ከስሙና ከትዝታው ጋር አያይዘው አይተውታል፣ የጠሉት በዛው ዓመት ከወጡት ጋር አወዳድረውታል።

ቅሬታዎቹን በቅርብ ስናያቸው የዓመታቱ ንብርብር በግልፅ ይታያል። በ1996ቱ ጌም ዱክ ያገኘውን መሳሪያ በሙሉ ተሸክሞ ይዞራል፣ ሽጉጥ፣ ሾትጋን፣ ሮኬት፣ ጠላትን የሚያሳንስ መሳሪያ ሳይቀር። በ2011ዱ ሲወጣ ሁለት መሳሪያ ብቻ ነው መያዝ የሚቻለው። ሁለት የሚለው ህግ በሄሎ በኩል የተለመደ ነው። ጤንነቱም ተደብቀህ ስትጠብቅ በራሱ ይሞላል፣ ይሄም የዛ ዘመን ልማድ ነው። አስቂኙ ነገር ዱክ እዛው ጌም ውስጥ የሄሎን ጀግና የመሰለ የጦር ልብስ ሲሰጡት አልፈልግም ብሎ ይሳለቅበታል። ልብሱን ናቀ፣ ህጉን ግን ለበሰ። ሌላ ቦታ ላይ የቧንቧ መዝጊያ እያዞረ «የቫልቭ እንቆቅልሽ እጠላለሁ» ይላል፣ ቫልቭ ሃፍ ላይፍን የሰራው ኩባንያ ስም ስለሆነ ሽሙጥ መሆኑ ነው፣ ተጫዋቹ ግን ያቺን ቫልቭ እያዞረ ነው ቀልዱን የሚሰማው። የመሳሪያው ቁጥር በኋላ በፓች (ከተሸጠ በኋላ በኢንተርኔት በሚወርድ ማስተካከያ) በኮምፒውተር ወደ አራት ከፍ ተደርጓል፣ ይሄ ራሱ አዘጋጆቹ ቅሬታውን እንደተቀበሉት ያሳያል። ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ የጌም ማጫወቻ) ላይ ደግሞ በሞትክ ቁጥር እንደገና እስኪጭን የሚፈጀው ጊዜ ብዙ ሰው አማሯል።

የወደዱት ሰዎች የሚሉትም ከንቱ አይደለም። ዱክ እንደ አሻንጉሊት አንሶ በዱክ በርገር ኩሽና ውስጥ በመደርደሪያና በዳቦ ላይ እየዘለለ የሚዋጋበት ክፍል በእውነት ጥሩ ሀሳብ ነው። ፒንቦል መጫወት፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ በቀለም መሞነጫጨር፣ ብረት ማንሳት ይቻላል፣ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ሲያደንቅ «ኢጎ» የተባለው የጤንነት መለኪያው ከፍ ይላል። ይሄኛው ሀሳብ ከሰውየው ባህሪ ጋር ልክ ይገጥማል፣ ለኔ የጌሙ ምርጥ ቀልድ እሱ ነው። የድሮዋ ሽንት ቤት መንፈስ እዚህ ጋ አለች።

ሽያጩም የተቀላቀለ ነው። በመጀመሪያው ወር አሜሪካ ውስጥ 376,300 ኮፒ ተሸጠ፣ እንዲህ ለተወራለት ጌም ትንሽ ነው፣ ቴክ-ቱ ግን አትርፈናል ብሏል። ወጪው አብዛኛው ከብሩሳርድና ከሚለር ኪስ ስለወጣ ይሄ የሚቃረን አይደለም። በዛው ሰሞን የጌሙን ማስተዋወቅ የያዘው የህዝብ ግንኙነት ድርጅት ባለቤት ትዊተር ላይ መጥፎ የፃፉ ገምጋሚዎች ቀጣይ ጌም አስቀድሞ ላይላክላቸው እንደሚችል ፃፈ፣ ይቅርታ ቢጠይቅም አሳታሚው ወዲያው አሰናበተው። ገምጋሚ ጌሙን ከገበያ በፊት የሚያገኘው ከራሱ ከሻጩ መሆኑን ሰው ያወቀበት አጋጣሚ ስለሆነ ከጌሙ በላይ የተወራበት ሳምንት ነበር።

ቀልድ ሲያረጅ

ኢንጂን ሲያረጅ በአዲስ ይተካል። ቀልድ ሲያረጅ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አላሰበበትም።

ትልቁ ውዝግብ የተነሳው ኤሊየኖቹ ጎጆ ውስጥ በሚካሄደው ደረጃ ላይ ነው። የተጠለፉት ሴቶች ግድግዳ ላይ ተጣብቀው፣ የኤሊየን ፅንስ በሆዳቸው ይዘው እያለቀሱ ይታያሉ፣ ዱክ ደግሞ እዛው ቆሞ ያሾፋል። ከሰው ጋር በኢንተርኔት በሚጫወቱት ክፍል ደግሞ ባንዲራ በመንጠቅ ፈንታ ሴት ተሸክሞ መሮጥ አለ፣ ስትንፈራገጥ በጥፊ መታ አድርገህ ዝም የምታሰኛት። አንዳንዱ ተጫዋች «የ1996ቱም እኮ ባለጌ ነበር፣ ያኔ ማን ተናገረ» ይላል። እውነት ነው ባለጌ ነበር፣ በነገራችን ላይ ያኔም የተናገረ ነበር። ሌላው ደግሞ ዘመኑ ተቀይሯል ይላል፣ ይሄም እውነት ነው፣ ግን እኔ ሁለቱም ዋናውን ነገር የሳቱ ይመስለኛል።

ዱክ ፓሮዲ ነው፣ ማለትም አንድን ነገር አጋኖ እየመሰለ የሚቀልድበት። ፓሮዲ እንዲሰራ ሰውየው ከልክ በላይ የሆነ ጉረኛ መሆኑን የሚያሳይ ተራ ዓለም በዙሪያው ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ጌም ዱክ ባዶ ሲኒማ ቤት ውስጥ ለራሱ የሚፎክር ብቸኛ ሰው ነበር፣ የሚያስቀውም እሱ ነው። በፎርኤቨር ውስጥ ግን ዓለም ሁሉ ይሰግድለታል፣ ካዚኖው የሱ፣ በርገር ቤቱ የሱ፣ ልጆች እንዲፈርምላቸው ይከተሉታል፣ ወታደሩ ሲያየው ይደነግጣል። የሚቃወመው አንድ ፕሬዝዳንት ነው፣ እሱም ሲቃወም ተሳስቶ ነው። ስለዚ የሚሳቅበት ሰው ጠፋ፣ የቀረው ከሱ ጋር ሆኖ በሌላ ሰው መሳቅ ነው፣ እዛ ጎጆ ውስጥ ያ ሌላ ሰው የምታለቅስ ሴት ሆነች። ሰው ሳይናደድም ቢሆን ያልሳቀው ለዚህ ነው።

በጌሙ መክፈቻ ላይ የድሮው ጌም የመጨረሻ ፍልሚያ እንደገና ይታያል፣ ከዛ ካሜራው ወደኋላ ሲል ዱክ ራሱ ሶፋ ላይ ሆኖ ስለራሱ የተሰራ ጌም እየተጫወተ ነው። ጥሩ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁት ከ12 ዓመት በኋላ ጥሩ ቢሆን ነው የሚሻለው የሚል መልስ ይሰጣል። መዘግየቱ ላይ የተቀለደ ቀልድ ነው፣ ቁጥሩ ግን ከእውነተኛው ያንሳል። ቀልዱም ራሱ ሳይወጣ ቆይቶ ነው የደረሰው።

የ2001ዱ ጌም ቢወጣስ?

ብዙ አድናቂ «ትክክለኛው ጌም የ2001 ትሬለር ላይ ያየነው ነው፣ እሱን ቢያወጡልን ኖሮ» ሲል ቆይቷል። በሜይ 2022 የዛ ዘመን ያላለቀ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ሾለከ፣ ብሩሳርድም እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠ፣ ግን ጌም ብላችሁ እንዳትጠብቁት ብሏል። የከፈቱት ሰዎች ሁለት ነገር አዩ። አንደኛ ትሬለሩ ውሸት አልነበረም፣ ቦታዎቹም መሳሪያዎቹም አሉ፣ የሚጫወቷቸው ክፍሎችም አሉ። ሁለተኛ በክፍሎቹ መሀል ብዙ ባዶ ቦታ አለ፣ የተጀመረ ኮሪደር የትም ሳያደርስ ያልቃል። ስራ ነበረ፣ ማንም «ይሄን ብቻ እንጨርስ» አላለም እንጂ።

ወደ ጂቲኤ 6 ስንመለስ

ስለዚ ዱክን ለጂቲኤ 6 ማስፈራሪያ ማድረግ ብዙም አይሄድም። ጂቲኤን የሚሰራው ሮክስታር የቴክ-ቱ ንብረት ነው፣ ቴክ-ቱ ደግሞ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ስለሆነ በየሩብ ዓመቱ ለባለአክሲዮኖች መልስ ይሰጣል፣ ቀን ሲገፋ የአክሲዮኑ ዋጋ በማግስቱ ይናገራል። እዚህ ጋ የሚያስቸኩል ሰው አልጠፋም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ቤት ቀረብ የሚለው ምሳሌ ሳይበርፐንክ 2077 ነው፣ ተደጋግሞ ተራዝሞ በዲሴምበር 2020 ገና በዓል እንዳያልፈው ተብሎ ወጣ፣ በአሮጌው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ እየተንተባተበ ስላስቸገረ ሶኒ ከመደብሩ አነሳው። እሱ የተጎዳው ቀኑ ስለተራዘመ ሳይሆን መራዘሙ ስለቆመ ነው ማለት ይቻላል። የሚጠበቅ ችግር ካለ ከዚህ በኩል ነው።

የዱክ ታሪክ የሚገጥመው ሌላ ጌም ላይ ነው። የዩቢሶፍቱ ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል 2 በ2008 ይፋ ሆኖ በ2017 ሙሉ በሙሉ በሌላ መልክ እንደገና ቀረበ፣ በመሀል መሪው ለቆ ሄደ፣ በ2022 ደግሞ የዱክን ከ14 ዓመት በላይ የሆነ የመዘግየት ሪከርድ አልፎታል። እስካሁን የመውጫ ቀን የለውም።